በጉርዱ ጠርዝ ላይ ያለችው ቀን

የመጨረሻዋ ክር እምቢ አለች። ኒንከ ከንፈሯን ነክሳ የትንሿን መቀስ ጫፍ ከክሯ ስር አሾለከችና ቀስ ብላ ወደ ላይ ሳበቻት። ክሯ ተበጠሰች። ከብርቱካናማው ጨርቅ ላይ ያቺ የተሳሳተች ቀን ጠፋች፤ የቀረው መርፌ ያለፈባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ብቻ ሆነ።

«ጨረስኩ!» አለች።

ጓደኛዋ ዮሊን አልጋዋ ላይ በሆዷ ተኝታ የቸኮሌት ፍርፋሪ የተነሰነሰበት ዳቦ እየገመጠች ነበር። አፏ እንደሞላ አንገቷን አስግጋ አየች።

«እሰይ! አሁን ሬምኮ በምን ሊስቅብሽ ነው?»

«በራሱ ጆሮ ይሳቅ።»

ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ። የሬምኮ ጆሮ በእርግጥም ትልቅ ነበር። ዮሊን አልጋው ላይ የተበተኑትን ሰማያዊ የክር ብጥስጣሾች በመዳፏ ጠራረገችና ከቅርጫቱ ውስጥ ጣለቻቸው።

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ዕለት ነው። የኔዘርላንዷ ከተማ ግሮኒንገን ከጀርመን ወታደሮች እጅ የወጣችበት ሃምሳኛ ዓመት ቅዳሜ ሊከበር ከተማው ሽር ጉድ ይላል። በዚያን ጊዜ በየመንገዱና በየቤቱ አራት ቀን ተዋግተው ከተማዋን ያስለቀቁት ካናዳውያን፣ አሁን ሽበታም ሽማግሌ ሆነው፣ ከባሕር ማዶ መጥተው በየሰዉ ቤት በእንግድነት አርፈዋል። በሰልፉ ላይ ከእነሱ ፊት የነጻነት ጉርድ የለበሱ ሴቶች ይሄዳሉ።

የነጻነት ጉርድ ሱቅ ሄዳችሁ የምትገዙት ነገር አይደለም። ጦርነቱ ሲያልቅ ሴቶች ከየቤታቸው እራፊ ለቃቅመው የሰፉት ነው፤ እያንዳንዷ እራፊ የምታስታውሰው ነገር አላት። የኒንከ አያት ጉርድ ላይ የእናታቸው ሽርጥ አለ፤ የመስኮት ብርሃን ወደ ውጭ እንዳይታይ ይሰቀል የነበረ ጥቁር መጋረጃ አለ፤ የዱቄት ከረጢት አለ፤ አንድ ካናዳዊ ቀዶ የሰጣቸው የሸሚዝ ኮሌታም አለ። ከታች በጠርዙ ዙሪያ ብርቱካናማ ሦስት ማዕዘኖች ተደርድረዋል። በየአምስት ዓመቱ ጉርዱ ለበዓል ሲለበስ፣ የዚያ ዓመት ቀን በአንዱ ሦስት ማዕዘን ላይ በሰማያዊ ክር ይጠለፋል።

ኦማ ትራይን ጉርዱን ለማንም አውሰው አያውቁም። «ኦማ» ማለት በዚያ አገር አያት ማለት ነው፤ ኒንከም በሌላ ስም ጠርታቸው አታውቅም። ዘንድሮ ግን በፌብሩዋሪ በረዶ ላይ ከብስክሌት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረና እስኪያገግሙ ወደ አረጋውያን ማረፊያ ገቡ።

«አንቺ ትለብሺዋለሽ» አሏት ኒንከን። «ፊተኛው ረድፍ ላይ። ቀጥ ብለሽ።»

ኒንከ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። በማግስቱ ከደስታዋ ብዛት ብስክሌቷን ሳትቆልፍ ነው ትምህርት ቤት የገባችው።

ማክሰኞ በትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም ልምምድ ተደረገ። የበዓሉ ኮሚቴ አባል ወይዘሮ ቫን ዛንተን መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አሳርፈው ጉርዶቹን አንድ በአንድ አዩ። ኒንከ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ጎንበስ አሉ።

«ይሄ ምንድን ነው የኔ ልጅ? አምስት ሴፕቴምበር አርባ አራት ይላል።»

«አዎ፣ የመጀመሪያው ነው።»

«እኛ እኮ ነጻ የወጣነው በአርባ አምስት ነው። በኤፕሪል። ከዚህ ሰባት ወር ቆይቶ።»

ሬምኮ ከማርሽ ባንዱ ጋር ከበሮውን በሆዱ ላይ አንጠልጥሎ ቆሞ ነበር። ሬምኮ የማይሰማው ነገር የለም።

«የኒንከ አያት ለብቻቸው ነጻ ወጥተዋላ!» ብሎ ጮኸ። «ካናዳውያኑ ሳይመጡ! ማን አወጣቸው? ላሞች?»

ጂምናዚየሙ በሳቅ ተናጋ። አንዱ ከኋላ «እምቧ!» አለ። የኒንከ ፊት እንደ ፍም ጋለ።

ወይዘሮ ቫን ዛንተን አልሳቁም። ክፉ ሰው አይደሉም። ትከሻዋን ነካ አድርገው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ የኔ ልጅ፣ ከኋላችን የሚሄዱት ሰዎች በዚያ ኤፕሪል ጓደኞቻቸውን እዚህ አፈር አልብሰዋል። ሴፕቴምበር የሚል ሲያነቡ ምን ይላሉ? ወይ አያትሽ ያርሙት፣ ወይ መጨረሻው ረድፍ ላይ ሁኚ። እዚያ ያን ያህል ሰው አያይሽም።»

ኦማ ትራይን ስለዚያች ቀን ሲጠየቁ መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነበር። «ተሳስቼ ነው» ይላሉ፤ ከዚያ ስለ አየሩ ያወራሉ። ኒንከም ወደ ቤቷ እየሄደች በልቧ አወጣች አወረደች። ምስኪን ኦማ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ በአንድ ስህተት ሲሸማቀቁ ኖሩ። መፍታት ፈልገው ዓይናቸው እምቢ ብሏቸው ይሆናል። ለምን እኔ አላርምላቸውም? ብላ ነው እንግዲህ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ጉርዱን ይዛ ወደ ዮሊን ቤት የሄደችው። የዮሊን እናት ልብስ ሰፊ ስለሆኑ በዚያ ቤት ጥሩ መቀስ አይጠፋም።

«ኦማሽ ግን ምን ይላሉ?» አለች ዮሊን ዳቦዋን ጨርሳ።

«ደስ ይላቸዋል። ነገ ወስጄ አሳያቸዋለሁ» አለች ኒንከ፤ ጉርዱንም እንደ ሕፃን አቅፋ ወጣች።

አርብ ከሰዓት ኦማ ትራይን መስኮቱ ስር ተቀምጠው አገኘቻቸው። ሻይ ተቀድቷል። ኦማ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፍተው አንዲት ብስኩት ሰጧትና ክዳኑን ጠቅ አድርገው መልሰው ዘጉት። አንድ ሻይ፣ አንድ ብስኩት፤ የኦማ ሕግ ነው።

«አንቺ ነሽ የረዘምሽ ወይስ እኔ ነኝ ያጠርኩት?»

«ሁለታችንም» አለች ኒንከ እየሳቀች። ጉርዱ ያለበትን ከረጢት ከወንበሯ ስር አድርጋለች። በድንገት አውጥታ ልታስደንቃቸው ነው። በመጀመሪያ ግን ምስጋናው እንዲጥም ነገሩን ትንሽ ልታዞረው ፈለገች። «ኦማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ያቺ የተሳሳቱባት ቀን አለች አይደል፣ የመጀመሪያዋ? ለምን እስካሁን አላረሟትም?»

ኦማ ስኒያቸውን አስቀመጡ።

«ማን ጠየቀሽ?»

«ወይዘሮ ቫን ዛንተን።»

«ልክ ናት። በኤፕሪል ነው ነጻ የወጣነው።» ስኒያቸውን ገፋ አድርገው ወደ ኒንከ ዞሩ። «አሥራ አራት ሞልቶሻል አይደል? እኔ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ለእናትሽ እንኳ ነግሬያት አላውቅም። ግን ጉርዱን የምትለብሺው አንቺ ነሽ፤ የምትለብሺውን ማወቅ አለብሽ። ሃርምን ታውቂዋለሽ፣ ፎቶው ላይ ያለውን?»

ኒንከ ታውቀዋለች። የኦማ ታላቅ ወንድም። በቤታቸው መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ፀጉሩን ወደ ኋላ አበጥሮ ሊስቅ ሲል የተነሳው ልጅ። በጦርነቱ ሞተ ይባላል፤ ከዚያ ያለፈ ማንም አይናገርም።

«ጀርመኖቹ ወጣቱን ሁሉ አገራቸው ወስደው ፋብሪካ ሲያሠሩ ሃርም አልሄድም አለ» አሉ ኦማ። «ተደበቀ። እዚያው ቤታችን፣ ከወለሉ ጣውላ ስር፣ ተጋድመሽ እንጂ ተቀምጠሽ በማትገቢበት ጉድጓድ። አሥራ አራት ወር! ፀሐይ የሚባል ነገር አያይም። ፊቱ ወተት መስሎ ነበር።

«ከዚያ ያ ማክሰኞ መጣ። እብዱ ማክሰኞ እንለዋለን እስከ ዛሬ። ከለንደን የሚሰማው ሬዲዮ፣ የእኛ ወገን ጦር ድንበር ጥሶ ደቡቡን ማስለቀቅ ጀመረ አለ። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር እያበጠ ሄደ። ጠዋት ድንበር ላይ የነበሩት ለምሳ እኛ ደጅ ደረሱ ተባለ! ባቡር ጣቢያው በሚሸሹ የጀርመን ወዳጆች ተጨናንቋል፤ ሻንጣ፣ የዶሮ ሣጥን፣ የሚያለቅስ ሕፃን። እነሱ ሲሸሹ በዓይንሽ እያየሽ እንዴት አታምኚ? ሰዉ የንጉሣችን ቤት ቀለም ነው ተብሎ የተከለከለውን ብርቱካናማ ጨርቅ ከየተደበቀበት አወጣ። እኔም አንዲት ቁራጭ ነበረችኝ፣ ከዱቄት ቆርቆሮ ስር። እሷን ይዤ ሮጥኩና ወለሉን በተረከዜ ደበደብኩት። ‹ሃርም! ውጣ! አለቀ እኮ!› አልኩት። እናቴ አይደለችም ያለችው። አባቴም አይደለም። እኔ ነኝ።»

ኒንከ ብስኩቷን እንደያዘች ቀረች።

«ወጣ። ደጃፍ ላይ ቆመና ዓይኑን ጨፈነ፤ ፀሐዩ ወጋው። ከዚያ ሳቀ። ብስክሌቱን ከጓዳ ጎትቶ አወጣ። ጎማ እኮ የለም በዚያን ጊዜ፤ የአትክልት ውሃ ቱቦ በሽቦ አሰረበት። እሱ ሲያስር እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ጨርቄ ላይ ቀኑን ጠለፍኩ፣ ለልጅ ልጆቼ አሳያለሁ ብዬ። ከዚያ ከኋላው አፈናጠጠኝና ከተማዋን በቦዩ ዳር ዳር ዞርናት። ሁለት ጊዜ! ቱቦው ሲንኳኳ፣ ቂጤ ሲነረት!» ኦማ ሳቅ አሉ። «ላገኘው ሰው ሁሉ ‹እንደምን ዋላችሁ!› ይላል። አሥራ አራት ወር ሰላም ያላለውን ሕዝብ በአንድ ከሰዓት ሰላም ብሎ ጨረሰ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ መሸ። ማንም አልመጣም። አርብ ጠዋት እሱን ሊወስዱ መጡ። በዚያ ማክሰኞ ያየው ሰው ለጀርመኖቹ ነግሯቸዋል። በፌብሩዋሪ ጀርመን አገር፣ ካምፕ ውስጥ ሞተ። ካናዳውያኑ እኛ ጋ ሊደርሱ ሁለት ወር ሲቀራቸው።»

በመተላለፊያው የሻይ ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ። ኦማ ጋሪው እስኪርቅ ጠበቁ።

«ጉርዱን ስሰፋ ያቺን ጨርቅ መጀመሪያ ላይ አደረግኳት። ሲጠይቁኝ ተሳስቼ ነው እላለሁ። መሳሳቱንስ ተሳስቻለሁ። ብዙ ዓመት አፍሬባት ኖርኩ። ካረጀሁ ወዲህ ግን ኒንከ፣ እኮራባታለሁ። ከተማው ነጻ የወጣው በኤፕሪል ነው። ሃርም ነጻ የወጣው ያን ዕለት ከሰዓት ነው፤ ሌላ ቀን አልደረሰውም። ከዚያ ከሰዓት በእጄ የቀረ ነገር ቢኖር ያቺ ክር ናት። ነገ በሰው ሁሉ ፊት ስትሄድ ቁጭ ብዬ ማየት እፈልጋለሁ።» እጃቸውን ዘረጉ። «ይዘሽው መጥተሻል? የዘንድሮዋን አብረን እንጥለፋት።»

ኒንከ በተረከዟ ከረጢቱን ወደ ኋላ ገፋችው።

«እማዬ እየተኮሰችው ነው» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። «የዘንድሮዋን... እኔ እጠልፋታለሁ።»

«ጎበዝ! ጎበዝ ልጅ!» ኦማ ቆርቆሮውን ከፍተው ሁለተኛ ብስኩት ሰጧት።

በዚያ ቆርቆሮ ዘመን ሁለተኛ ብስኩት ተሰጥቶ አያውቅም። ኒንከ ሳትገምጣት ኪሷ ከተተቻት።

ወደ ዮሊን ቤት ብስክሌቷን ስትጋልብ ነፋሱ ከፊቷ ነበር። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን ዘለለች።

«ክሮቹ የት አሉ?»

«የምን ክሮች?»

«የፈታኋቸው! የጣልሻቸው!»

ዮሊን የጓደኛዋን ፊት አይታ ቅርጫቱን ወለሉ ላይ ዘረገፈችው። የእርሳስ ቅርፊት፣ የመንደሪን ልጣጭ፣ የተጨማደደ የሒሳብ ወረቀት። ሁለቱ ተንበርክከው ሰማያዊዎቹን አንድ በአንድ ለቀሙ። ረጅሟ ክር ከጥፍር አትበልጥም። በባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ ሲከቷቸው ታሪኩን ኒንከ እየቆራረጠች ነገረቻት።

ዮሊን አንዷን ክር አንስታ ወደ ብርሃኑ አድርጋ አየቻት። 

«በእነዚህ መስፋት አይቻልም» አለች። «ግን ቀዳዳዎቹ አሉ አይደል? በነሱ ተከትለሽ በአዲስ ክር ጥለፊው። እማዬ ሰማያዊ ክር አላት። ማንም አያውቅም።»

«እሳቸው ያውቃሉ።»

«ዓይናቸው እኮ ደክሟል ኒንከ።»

«ጣታቸውስ?»

«ቢጠረጥሩ እንኳ አይናገሩም። አንቺም አትናገሪ። ያ ክር ብቻ ነው የቀረኝ ያሉሽን ሴትዮ ጠፋ ብለሽ ለምን ታስለቅሻቸዋለሽ?»

ዮሊን ይህን ያለችው ከፍቅር ነው፤ ኒንከም ያንን አውቃለች። የክብሪት ቀፎውንና አንድ ጥቅል ሰማያዊ ክር ይዛ ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ እናቷ ለእራት ድንች ልትቀቅል ውሃ ጥዳለች። ኒንከ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርጋ ጉርዱን ዘረጋች። በመጀመሪያ የሦስት ማዕዘኑን አንድ ጎን ጥቂት ተረተረችና በክብሪት ቀፎው ያሉትን ብጥስጣሾች በጨርቁና በገበሩ መሃል ከተተች። መልሳ ዘጋችው። ከዚያ መርፌዋን በመጀመሪያው ቀዳዳ አስገባች።

ቀዳዳዎቹ ልክ እንደ ዱካ ነበሩ። አምስቷ ላይ ስትደርስ ግራ ገባት። አምስቷ ወደ ጎን ተንጋዳለች፤ ቀጥ ማድረግ ቀላል ነበር። እጇ ሊያቃናት ሄደ። ተወችው። ኦማ በሄዱበት ሄደች።

«ምን እየሰፋሽ ነው?» አለች እናቷ ድንቹን እየላጠች።

«የኦማን የመጀመሪያ ቀን።»

«ያን የተሳሳቱትን?»

«አልተሳሳቱም።»

እናቷ ቢላዋዋን ይዛ ዞር አለች። የልጇን ያጎነበሰ ጭንቅላት አየች። መብራቱን ብቻ ወደ ጠረጴዛው ዝቅ አድርጋ ሳበችላት።

እራቱ ሲቀርብ የዘንድሮዋም ቀን በሌላው ሦስት ማዕዘን ላይ ተጠልፋ አልቃ ነበር። ኒንከ ሁለት ጣቷን ወግታለች። አዲሷ ሰማያዊ ክር ከድሮዎቹ ይልቅ ትደምቃለች። ላየ ሰው ትንሽ ብቻ ነው የምትለየው።

ቅዳሜ ጠዋት የማርቲኒ ግንብ ደወሎች ከተማውን ሞሉት። ባንዲራ ያልተሰቀለበት ቤት አልነበረም። ኒንከ ጉርዱን ለብሳ የኦማን ተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች በቦዩ ዳር መጣች። ኦማ ብርቱካናማ ሻሽ አስረው፣ ጉልበታቸው ላይ ብርድ ልብስ አድርገው፣ ላለፈ ላገደመው ሁሉ እንደ ንግሥት እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ጉርዱን «አማረብሽ» ብለው ከማለፍ በቀር ጠርዙን አልነኩትም።

ዮሊን ልክ ናት፣ ብላ አሰበች ኒንከ። ምንም አልበል። ዛሬ የደስታ ቀናቸው ነው።

ድልድዩ ላይ ሲደርሱ ኦማ «እዚህ ጋ ሃርም የብስክሌቱን ደወል ደወለ። ያለ ምክንያት፣ ዝም ብሎ» አሉ።

ኒንከ ወንበሩን አቆመች። ፍሬኑን ረገጠች። ዞራ ከፊታቸው ተንበረከከች።

«ኦማ፣ ትናንት እማዬ አልነበረችም ጉርዱን የምትተኩሰው። ከወንበሬ ስር ነበረ።»

«ለምን?»

«ቀኗን ፈትቻት ነበር። ሐሙስ ዕለት። ስህተት መስሎኝ... ላርምልዎት ብዬ።» የጉርዱን ጠርዝ አንስታ ጉልበታቸው ላይ አደረገችው። «መልሼ ጠልፌያታለሁ። ግን ያቺ አይደለችም። የእርስዎ ክሮች ውስጥ ናቸው፤ ከጨርቁ ስር ከትቻቸዋለሁ። ይቅርታ ኦማ።»

የኦማ ፊት እንደ ቦዩ ውሃ ጸጥ አለ። ጣታቸው ሦስት ማዕዘኑን ፈልጎ አገኘ። በጥልፉ ላይ አንድ ጊዜ ሄደ፤ ተመልሶ ሌላ ጊዜ ሄደ። ከኋላቸው የብስክሌት ደወል አቃጨለ።

«መንገድ!» አለ ባለ ብስክሌቱ።

«በውሃው ላይ እለፍ!» አሉት ኦማ ቀና ሳይሉ።

ጣታቸው አንድ ቦታ ቆመ።

«አምስቷ ተንጋዳለች።»

«የእርስዎም ተንጋዳ ነበር። ቀዳዳዎቹን ነው የተከተልኩት።»

«ሃርም ነው ያንጋደዳት።» የኦማ ድምፅ ተሰነጠቀ። «ክርኔን በጉልበቱ እየገፋ። ‹ቶሎ በይ ትራይን፣ ጦርነቱ ሳንዞር ያልቅብናል!› እያለ።» ሳቁ፤ እየሳቁም እንባቸው በጉንጫቸው ወረደ፤ አልጠረጉትም። ከጨርቁ ስር ያሉትን ክሮች በሁለት ጣታቸው ዳሰሱ፤ እህል የሚቆጥሩ ይመስላሉ። «ይሄውና። አሉ።»

ኒንከ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ሌላም አለ። ፊተኛው ረድፍ ላይ አይደለሁም። ቀኗ ካልታረመች መጨረሻ ሁኚ ተብያለሁ።»

«ከመጨረሻው ረድፍ ኋላ ማነው የሚሄደው?»

«ካናዳውያኑ።»

«ታዲያ ከዚህ የተሻለ ምን ቦታ ፈለግሽ?» አሉ ኦማ። «ግፊ፣ ግፊ እንጂ! እንዘገያለን።»

አደባባዩ ላይ ወይዘሮ ቫን ዛንተን ወረቀታቸውን ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ኒንከን አዩ፤ ጠርዙን አዩ።

«አልታረመም።»

«አይታረምም፣ ወይዘሮ ቫን ዛንተን። ከኋላ እሆናለሁ» አለች ኒንከ። እንደ ተቀጣ ሰው አልነበረም አባባሏ። ሴትዮዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ትንሽ አዩዋት፤ ከዚያ ከእጃቸው የቱሊፕ አበባ እቅፍ አንዱን ሰጧት። እቅፍ የተዘጋጀው ለፊተኛው ረድፍ ነበር።

ወደ ኋላ ስትሄድ በከበሮዎቹ አጠገብ አለፈች።

«ላሞቹ እንዴት ናቸው?» አለ ሬምኮ።

«ሰላም ብለውሃል። ዘመዳችን ለምን ጠፋ ይላሉ» አለችው። የሬምኮ ትልልቅ ጆሮዎች ቀሉ፤ የባንዱ ልጆች በሱ ሳቁ።

ሰልፉ ተነሳ። ከበሮው ተመታ፤ በሁለቱም ወገን የቆመው ሕዝብ አጨበጨበ። ኒንከ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ጉርዱ በየእርምጃዋ እግሯን ይመታታል፤ ሽርጡ፣ መጋረጃው፣ ከረጢቱ፣ ኮሌታው። ከኋላዋ የሜዳሊያዎች ቅጭልጭልታና የከዘራዎች ኳኳታ ይሰማታል። ሕዝቡን በከለለው ገመድ ዳር ዮሊን አንድ አውራ ጣቷን አንስታ፣ በሌላው እጇ የኦማን ወንበር ይዛ ቆማለች። ኦማ እጃቸውን አላወዛወዙም፤ አላጨበጨቡም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጠርዙን ብቻ ያዩ ነበር፤ አገጫቸው ከፍ ብሎ።

«ይቅርታ፣ የኔ ልጅ» አለ አንድ ድምፅ ከኋላዋ፣ በእንግሊዝኛ።

ዞር አለች። አንድ ረጅም ካናዳዊ ሽማግሌ ነበሩ። ከዘራቸው ላይ ተደግፈው ጎንበስ ብለው የጉርዱን ጠርዝ ያነባሉ።

«ሴፕቴምበር ይላል» አሉ። «እኛ በሴፕቴምበር ገና ሩቅ ነበርን። እናንተ ጋ ስንደርስ ኤፕሪል ሆኗል።» ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ፤ ጥፋት የሠሩ ይመስል። «ዘገየን አይደል?»

ከፊት ያሉት ሴቶች እየራቁ ነበር። አያቴ ተሳስተው ነው ብትል በአንድ ቃል ያልቅ ነበር። ኒንከ እርምጃዋን ከሽማግሌው ከዘራ ጋር አስተካከለች። የትምህርት ቤት እንግሊዝኛዋን በልቧ ሰበሰበች፤ ጥቂት ነበር፤ ግን ይበቃል።

«ሃርም የሚባል ልጅ ነበር» አለች። «ብስክሌት ነበረው።»